የታጠበው ሦስት ፔኒ

ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ሱሪ ኪስ ውስጥ አንድ ሳንቲም ሳላወጣ ቀርቼ ኖሮ፣ የልብስ ማድረቂያው ሲዞር ሳንቲሙ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ ቂው፣ ቂው፣ ቂው ሲል ሰማሁትና ፎጣውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። አሁን የምንኖረው ከዳላስ ወጣ ብሎ፣ ዋይሊ ነው፣ ማድረቂያውም የራሳችን ነው፤ ድምፁ ግን ይዞኝ ሄዶ የድሮ ሰፈራችን ቪከሪ ሜዶ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት ተራ እየጠበቀ የሚያጥብበት ሎንደሪ ውስጥ ጣለኝ። ልጄ ብሌን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ተቀምጣበታለች፣ ከዩኒፎርሜ ኪስ ያወጣቻቸውን የእንግሊዝ ሳንቲሞች ጉልበቷ ላይ ደርድራ፣ «እማዬ፣ ይቺን እያት፣ ንግሥቲቱ እዚህ ጋ ልጅ ናት» ትለኛለች።

ሰው የልጅነት ትዝታ ሲጽፍ የራሱን ነው የሚጽፈው። የእኔ ልጅነት ግን አጭር ነበር፤ ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ሰው ቤት ሥራ ገባሁ፣ አለቀ። ስለዚህ እኔ የምጽፈው የልጄን ልጅነት ነው፤ ማለቴ፣ እኔም አብሬያት ሁለተኛ ጊዜ ልጅ የሆንኩባቸውን ሁለት ዓመታት ነው።

በዲቪ ከመጣን ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። ባለቤቴ ታደለ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ ኧርቪንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ፈሪ ነበርኩ፣ ይህን ስናገር አላፍርም። በር ሲንኳኳ እደነግጥ ነበር፣ ባለ መስኮት ፖስታ ሲመጣ እደነግጥ ነበር፣ የሱፐርቫይዘሬ ሬዲዮ በኮሪደሩ ሲንጣጣ ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ ያነጠፍኩትን አልጋ እንደገና አነጥፍ ነበር። ከሁሉ የባሰው ፍርሃቴ ግን ብሌን ነበረች። ስንመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና፣ አፏን በአማርኛ ፈትታ፣ ከአዋቂ ጋር የምትከራከር ወሬኛ ነበረች፤ ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ግን በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረች፣ ቆይታ ደግሞ ወሬዋ ሁሉ «ኦኬ» ብቻ ሆነ። ቲቪ እያየች ስትስቅ «ምን አለ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «አይገባሽም ማሚ» ትለኝ ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ እውነቷን ነው፣ አይገባኝም።

አንድ ቀን ሎንደሪ ውስጥ አንሶላ የምታጣጥፍ የአገሬ ልጅ ይህን ሳወራላት ሰምታ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አትልፊ። እዚህ አገር ልጅ እስከ አሥር ዓመቱ ያንቺ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የነሱ ነው» አለችኝ። ብሌን አሥር ሊሞላት አንድ ዓመት አልቀራትም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓመቱ እንደ ውሃ እንዳይፈስብኝ እያየሁት መኖር ያዝኩ።

ሳንቲሙ የመጣው በዚያው ጸደይ ነው። ሆቴላችን ከለንደን የሚመጡ የአውሮፕላን ሠራተኞች ያርፉበት ነበር፣ እነሱም ሲሄዱ ኪሳቸውን የሚያከብደውን የአገራቸውን ዝርዝር አልጋው ራስጌ ላይ አስቀምጠው፣ «ላንቺ ነው፣ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ጽፈው ይሄዱ ነበር፤ እዚህ ባንክ የውጭ አገር ወረቀት ገንዘብ እንጂ ሳንቲም አይቀይርማ። ሌሎቹ ሠራተኞች «ምን ይሠራልናል?» ብለው ከቆሻሻው ጋር ይደፉት ነበር፣ እኔ ግን የሰው ፊት ያለበትን ነገር መድፋት አንጀቴ አልችል አለ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሌባ እንዳልባል እያንዳንዷን ሳንቲም ለሱፐርቫይዘሬ እየወሰድኩ አሳይ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ሴትየዋ ሬዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን አጋጥማ እንደ ጸሎት አድርጋ፣ «አስቴር፣ ፕሊስ፣ ያንቺ ነው፣ ቲፕ ነው፣ ሁለተኛ እንዳታመጪብኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ማምጣት ጀመርኩ።

ታደለ የሻይ ቆርቆሮው ሲሞላ አይቶ፣ «እንግሊዝ አገር ሳንሄድ የእንግሊዝ ባንክ ከፈትሽ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ብሌን ግን ቆርቆሮውን ምንጣፉ ላይ ዘርግፋ፣ በሆዷ ተኝታ፣ ንግሥቲቱን በዕድሜዋ ትደረድራት ጀመር፤ አንደኛው ላይ አንገቷ ቀጭን ሆኖ ልጃገረድ ናት፣ ሁለተኛው ላይ ሐብልና ጉትቻ አድርጋ ሙሉ ሴት ሆናለች፣ ሦስተኛው ላይ ጉንጯ ወርዷል። «ሥራ ይበዛባታል መሰለኝ» አለችኝ ልጄ፣ «እንዳንቺ»። ይህን ያለችኝ በአማርኛ ነበር። ቁጭ ብዬ አብሬያት መደርደር ጀመርኩ።

ሰመር ሲገባ ዳላስ እንደ ምድጃ ሲነድ፣ ቤታችን ኤሲ ብዙ እንዳናስነሳ ኦፍ በሆንኩ፣ ሥራ በማልገባበት ቀን ላይብረሪ እየሄድን እንውል ነበር፣ እዚያ ብርዱ በነፃ ነው። ብሌን በዓለም ላይ ያለ ሳንቲም ሁሉ ፎቶው ያለበት አንድ ትራስ የሚያህል መጽሐፍ አገኘች፤ እሷ እንግሊዝኛውን ታነባለች፣ እኔ ምንም ስለማይገባኝ «ምን ይላል? ምን ይላል?» እላታለሁ፣ እሷም እየሰለቻት በአማርኛ ትነግረኛለች። ለምሳሌ «ፔኒዎቹ ከኋላቸው አንዲት ሴትዮ አላቸው፣ ሹካ ይዛለች» አለችኝ፤ ፎቶውን አይቼ «ሹካ አይደለም፣ መንሽ ነው» ብላት፣ «መንሽ ምንድን ነው?» አለች፤ እህል ሲወቃ ጭድ የሚነሳበት ነው ብዬ በእጄ እያሳየሁ ስነግራት ሰዓቱ ሄደ። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ እኔ ፊደሎቻቸውን ከሳንቲሙ ጠርዝ ላይ ተማርኩ፣ እሷ የጠፋባትን ቃል አንድ በአንድ መልሳ አገኘች።

እንግዲህ ይህ ነገር የሀብታም ጨዋታ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ወርቁ ለሀብታም ነው፣ ይሁንለት። እኛ የነበረን በወር አምስት ዶላር ነው፣ ያቺ አምስት ዶላር ግን ያስተማረችን አንድ ነገር አለ፤ ብርቅ ማለት ውድ ማለት አይደለም። አንድ ዓይነት ሳንቲም በየዓመቱ ተመትቶ ተመትቶ፣ አንዱን ዓመት ብቻ በሆነ ምክንያት ጥቂት ይመታል፤ ያ ዓመት ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ በየሳጥኑ ይጣላል፣ አስተውሎ የሚያይ ሰው ነው የሚያገኘው። ብሌን የሚፈለጉትን ዓመቶች በኮርንፍሌክስ ካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፣ እኔም ምሳ ስሠራ ሳየው ሳየው በቃሌ ያዝኩት።

በልግ ላይ፣ ማለቴ እዚህ አገር ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ፣ ታደለ በወር አንድ ቅዳሜ ሳንቲም ሻጮች ወደሚሰበሰቡበት አዳራሽ ይወስደን ጀመር፤ ፓርክ አድርጎ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ መኪናው ውስጥ ይተኛል፣ እኛ እንገባለን። ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ የሚስተር ሮይ ነበር፤ በጡረታ የወጡ፣ ሰፊ ባርኔጣ የሚያደርጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ውዱን ሳንቲም እኛ ቀና ብለን አናየውም፤ የእኛ ከጠረጴዛው እግር ሥር ያለው የጫማ ካርቶን ነው፣ «የፈለጋችሁትን አንዱን በሃያ አምስት ሳንቲም» የሚል ተጽፎበታል።

መጀመሪያ ቀን ልጄን፣ «እንደምን ዋሉ በያቸው» አልኳት።

«እማዬ፣ እንግሊዝኛ አንቱ የለውም።»

«የለውም ብለሽ ሽማግሌ አታዋርጂ፣ በድምፅሽ አንቱ በያቸው!»

እንዴት እንዳደረገችው አላውቅም፣ ሚስተር ሮይ ግን ባርኔጣቸውን አንስተው ሁለት ወንበር ሰጡን።

እጄን ካርቶኑ ውስጥ ሳስገባ ፍርሃቴ ሁሉ ይለቀኝ ነበር። ነጭ አንሶላ ላይ የወደቀች አንዲት ፀጉር ከበሩ ላይ ሆኜ የማይ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ ነው፣ ፀጉሯን ካላየሁ ሬዲዮው ይንጣጣል። ምስር እንደምትለቅም ሴት የሳንቲሙን ክምር በጣቴ እየበተንኩ፣ ፊቱ የተበላውን ወደዚህ፣ ያልተበላውን ወደዚያ እገፋለሁ፣ ብሌን ዓመቱን ታነባለች። ደግሞ አንድ ነገር ደረሰችበት፤ ሻጮቹ አማርኛ አይሰሙም። በቤት ውስጥ «ኦኬ» ብቻ የነበረችው ልጅ፣ አዳራሹ ውስጥ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣ «እማዬ ያንን ሰውዬ ተይው፣ ውሸታም ነው፣ ባለፈው በሁለት ዶላር ያለውን ዛሬ አራት አለ» እያለች ታንሾካሹክልኝ ጀመር። አማርኛ የእኔና የእሷ ምስጢር ሆነ። በዊንተሩ ብርድ፣ ከዓመቱ ቁጥር ጎን ትንሽ «ኤች» ፊደል የተመታባት፣ ለብቻዋ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራች ፔኒ አገኘንና በደስታ ተቃቅፈን ዘለልን፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጸደይ ላይ ልጄ አሥር ዓመት ሞላት። ያቺን ሎንደሪ ውስጥ «የነሱ ነው» ያለችኝን ሴት ባገኘኋት ብዬ ተመኘሁ።

ቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር አፋፍ በደረሰበት ሰመር ታደለ መኪና ውስጥ ኤሲ ማስነሳት ትቶ፣ እሱም አዳራሹ ገብቶ ወንበር ላይ ያንቀላፋ ነበር። በዚያ ሙቀት አንድ ቅዳሜ ጣቴ ካርቶኑ ሥር ባለ አሥራ ሁለት ጎን ነገር ላይ አረፈ። ሦስት ፔኒ የሚሉት ነው፣ ነሐስ ነው፣ ብዙ አይተናል፤ ይህኛው ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ ሳለ አልተበላም፣ የንግሥቲቱ አባት፣ የንጉሡ ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አበባውና ዓመቱ ያለበትን ጀርባውን ገልብጬ ለብሌን ሰጠኋት።

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ «እማዬ፣ አርባ ዘጠኝ ነው» አለች። «ኦ ማይ ጋድ፣ አርባ ዘጠኝ። ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ፊትሽ! ፊትሽን እንደዛ አታድርጊ!»

አርባ ዘጠኝ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈው ዝርዝር አናት ላይ የነበረ ነው። እንዲህ ያለውን፣ ያልተነካውን፣ ሰብሳቢዎች የእኔን የብዙ ቀን ደሞዝ ከፍለው ይወስዱታል። እኔ ግን ደስታዬ ሳይደርስ ፍርሃቴ ደረሰ፤ ነገ ሽማግሌው ቢያውቁስ? ሌቦች ቢሉንስ?

«ንገሪያቸው» አልኳት።

«ኖ! እማዬ፣ እዚህ ሁሉም ሰው እንደዚህ ነው የሚያደርገው፣ ህጉ ነው!»

«እኔ ከሕግ ጋር አልከራከርም። ንገሪያቸው።»

ልጄ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሄዳ ነገረቻቸው። ሚስተር ሮይ ማጉያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ ሳንቲሙን በጠርዙ ይዘው ብዙ አዩት፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መትተው ሳቁ። «ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሃያ አምስት ሳንቲም» አሉ፣ ብሌን እያለቀሰችም እየሳቀችም ተረጎመችልኝ። ደግሞ ጨመሩላት፤ በጥቅምት ትልቁ ሾው፣ የሳንቲም ትርኢቱ፣ ሲደረግ የልጆች ጠረጴዛ አለ፣ የሰበሰብሽውን አምጥተሽ፣ ስለ እያንዳንዱ ወረቀት ጽፈሽ አሳዪ አሏት። እስከ መኪናው ድረስ እየሮጠች ነው የሄደችው። ያን ሰመር ሙሉ አፏን አልዘጋችም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በልጅነቴ፣ ዘመን መለወጫ ሲደርስ፣ የእናቴን የነሐስ ማንቆርቆሪያና የእጅ መታጠቢያ ሳህን በአመድና በሎሚ የምፈትገው እኔ ነበርኩ፤ ጎረቤት ሲገባ እንደ ፀሐይ ካላበራ እናቴ ታፍር ነበር። የቆሸሸ ዕቃ ይዞ ሰው ፊት መቅረብ እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ሥራዬም ደግሞ ይህንኑ አጽንቶብኛል። የዚያን ዓመት ዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ኦፍ ነበርኩ፤ ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጥቤ ስጨርስ ዓይኔ የብሌን የሳንቲም ሳጥን ላይ ወደቀ። ልጄ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ይህን ጥላሸት የመሰለ ሳንቲም ይዛ ልትቆም ነው? አልኩ። ግቢው መዋኛ አጠገብ ካለው የሥጋ መጥበሻ አመድ በወረቀት አመጣሁ፣ ሎሚ ቆረጥኩ፣ በሦስት ፔኒውም ጀመርኩ።

ፈተግኩት። እንዴት እንዳበራ! ወርቅ ነው የሚመስለው። እየዘፈንኩ ነበር። ባለ «ኤች» ፔኒዋን አንስቼ አመድ ልነክራት ስል ብሌን ከትምህርት ቤት ገባች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አጠብኩልሽ የኔ እናት! ለሾውሽ። እዪው፣ አዲስ ሆነ!»

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ መጥታ አየችው። «ዋሽ አደረግሽው?» አለች፣ ድምፅዋ ወርዶ። «በአመድ? እማዬ... ሳንቲም አይታጠብም። ያ ጥቁሩ ቆሻሻ አይደለም፣ ቆዳው ነው። ገደልሽው።» ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር ተናገረች፣ አንድም ቃል አልያዝኩም፣ ገብታም በሯን ዘጋች። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር። ያንን ረጅም እንግሊዝኛ ግን አልቻልኩትም።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ሰው ሲተረትበት ስቄ አውቃለሁ፣ በራሴ ሲደርስ ግን አያስቅም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ብሌን አላኮረፈችኝም፣ ትበላለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ስጠራት ትመጣለች፤ «ኦኬ» ትላለች። ሳጥኑን አልጋዋ ሥር ገፋችው። «ሾው አልሄድም» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ያን ያህሉ ይገባኛል። ታደለ፣ «አንዲት ሳንቲም ናት፣ ሌላ ትገዛላችሁ» አለኝ። የሄደው ሳንቲሙ አይደለም ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ታደለ ሥራ ላይ፣ ብሌን ጓደኛዋ ቤት በነበረች ሰዓት፣ ሳንቲሙን በመሀረብ ቋጥሬ ብቻዬን ወጣሁ። ከሥራዬ ውጭ አስተርጓሚ ሳልይዝ ወደ ፈረንጅ ሄጄ አላውቅም ነበር። በባቡሩ ውስጥ የምናገረውን ስለማመድ የሰው ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። አዳራሹ ገብቼ ሚስተር ሮይ ፊት ስደርስ ግን የተለማመድኩት ሁሉ ጠፍቶ፣ መሀረቡን ፈትቼ፣ «አይ ዋሽ። ማይ ዶተር ክራይ» አልኳቸው።

ማጉያውን አንስተው አዩት። ተነፈሱ። ከዚያ ማጉያውን ለእኔ ሰጡኝ፣ አየሁ፤ የንጉሡ ጉንጭ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ፣ ድመት የቧጠጠችው ይመስል ጭረት በጭረት ሆኗል። እኔ ዓይን አለኝ የምል ሴት፣ አላየሁትም ነበር።

«ሜዲሲን?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኖ ሜዲሲን።»

ከዚያ ከጠረጴዛቸው መሳቢያ አንድ የብር ሳንቲም አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ያብለጨልጫል፣ ፊቱ ግን እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ወደ ራሳቸው ጠቆሙ፣ እጃቸውን ከወለሉ ከፍ አድርገው የትንሽ ልጅ ቁመት አሳዩኝ፣ «ዳዲ» አሉ፣ ከዚያ ጥርሳቸውን እንደሚቦርሹ አድርገው ሳንቲሙን በጣታቸው ቦረሹ፣ ቦረሹ፣ ቦረሹ። የአባታቸውን ሳንቲም በጥርስ ሳሙና! ሳቅ አመለጠኝ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሽማግሌው ያንን ጥፋታቸውን ዕድሜ ልካቸውን ከውዱ ሳንቲም ጋር አብረው አስቀምጠውት ነበር። ተርጉሚልኝ የምላት ሰው አጠገቤ አልነበረችም፣ ሁሉም ገብቶኛል።

ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን በተንኩና ሌላ ሦስት ፔኒ፣ ርካሽ ዓመት፣ ግን ጥቁሩ ያልተነካ፣ መርጬ ከፍዬ ተመለስኩ።

ብሌን ስትመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት። «ሾው ትሄጃለሽ፣ ሁለቱንም ታሳያለሽ። ያልታጠበው ይሄ ነው፣ የታጠበው ይሄ ነው ብለሽ ትጽፊያለሽ።»

«ሰው ይስቃል፣ እማዬ።»

«በእኔ ይሳቅ። ያጠበችው እናቴ ናት ብለሽ ጻፊ። ስሜን ጻፊ።»

«ስምሽን?» ቀና ብላ አየችኝ። ስሜን በር ላይ እንኳ እንዳይለጠፍ የማደርግ ሰው መሆኔን ታውቃለች።

«ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ።»

ሁለቱን ሳንቲሞች በጠርዛቸው እያነሳች አየቻቸው፣ ከዚያ ሄዳ እርሳሷን አመጣች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ጻፈች። ስትጨርስ «አንብቢልኝ» አልኳት፣ በአማርኛ አነበበችልኝ፤ «የእነዚህ የሁለቱ መልክ አንድ ነበር። ይህኛውን ከሺህ ሳንቲም መካከል ያገኘችው እናቴ ናት፣ ያጠበችውም እናቴ ናት። እናቴ ሆቴል ታጸዳለች፣ በጣም ጎበዝ ናት። ችግሩ እሱ ነው።» የመጨረሻዋ ጋ ስትደርስ ራሷ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ ሳቄንም ለቅሶዬንም አንድ ላይ ለቀቅሁት።

በሾው ቀን ከሥራ ወጥቼ ልብሴን ሳልቀይር፣ በዩኒፎርሜ ነበር የደረስኩት። በልጆቹ ጠረጴዛ ሰው የቆመው የኛ ልጅ ጋ ነው። ያነባሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ፊታቸው ይለወጥና ለብሌን አንድ ነገር ይነግሯታል። እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር፣ በሰው ሁሉ ፊት ስሜ ተጽፎ! አንድ ጊዜ ብሌን መጥታ፣ «እማዬ፣ ሁሉም አጥበዋል» አለችኝ፣ ዓይኗ በርቶ። «ያ ሰውዬ በኮምጣጤ። ያቺ ሴትዮ የባሏን ሁሉ፣ እሱ ሥራ ሄዶ! ሁሉም ምስጢር ነው ያላቸው፣ ለኔ እየነገሩኝ ነው።»

ከዚያ አንዲት ነጭ ፀጉር ሴት ጠየቀቻት፣ ብሌንም ዞራ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጮክ ብላ ጠራችኝ፤ «እማዬ፣ ነይ! እንዴት እንዳገኘሽው ማወቅ ትፈልጋለች። አንቺ ንገሪያት፣ እኔ እተረጉማለሁ።»

ሄድኩ። ተናገርኩ። ስለ ነጭ አንሶላና ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ምስር፣ ስለ ካርቶኑ ነገርኳት፣ ሰዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰሙኝ ነበር። ልጄ ስትተረጉም ከእኔ ሁለት እጥፍ ረዝሞ ሰማሁትና፣ «ምን ጨመርሽበት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«አንቺ የረሳሽውን» አለችኝ።

ሽልማቱን ሌላ ልጅ ወሰደ፣ እውነት ለመናገር ያምር ነበር የልጁ ነገር። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ብሌን ከኋላ ወንበር ሆና በእኔና በአባቷ መካከል አንገቷን አስግጋ፣ ማን ምን እንዳላት አንድም ሳታስቀር በአማርኛ አወራችልን፣ ሃይዌዩ አለቀ፣ ወሬዋ አላለቀም። ታደለ ቤታችን ደርሶ ሞተሩን አጥፍቶም አልወረደም፣ እስክትጨርስ ተቀምጦ ሰማት።

ዛሬ ብሌን ፎርት ዎርዝ ነው የምትኖረው። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ «ትልቅ ነገር ነው» እላለሁ። ያኔ ለአንዲት ሳንቲም ግማሽ ቀን ካርቶን እንፈትሽ ነበር፤ አሁን ስልኳ ላይ ፎቶ አይታ ትገዛለች፣ በታሸገ ፕላስቲክ ይመጣላታል፣ ማንም ሊያጥበው አይችልም፣ እሰይ። ስትደውልልኝ ወሬዋ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ግሱንም አንዳንዴ ገልብጣ ነው የምታመጣው። እኔም ቢሆን ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ በዝናብ ስትነዳ እፈራለሁ፣ ስልክ ካላነሳች እፈራለሁ። ያኔ ግን ያልገባኝን ቃል ሁሉ ከእጄ እንደወጣ ነገር እቆጥረው ነበር፣ ሲያልፍ ዝም ብዬ አየው ነበር። አሁን ዝም አልልም። መሀል ላይ አቋርጫት፣ «ቆይ፣ እሱ ምን ማለት ነው?» እላታለሁ፣ እሷም ወደ ኋላ ተመልሳ ትነግረኛለች።